አራተኛው ምት

ተማሪዎቼ ከኋላዬ «መዶሻው» ይሉኝ ነበር። የማላውቅ ይመስላቸዋል። ሠላሳ አራት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ጆሮው ቢያረጅ እንኳን የራሱን ቅጽል ስም አይስተውም። ስሙን ያወጡልኝ በማስተምርበት ዘዴ ምክንያት ነው። ረጅም ቃል ሲመጣ አፍ ከመከፈቱ በፊት እጅ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። ቃሉ ይቆራረጣል፤ ለእያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ጊዜ በጣት አንጓ ይንኳኳል፤ ጫን ተብሎ የሚነገረው ቁራጭ ጋ ሲደረስ ደግሞ ሙሉ መዳፍ ይወርዳል። ጧ! ስልሳ ተማሪ በአንድ ጊዜ መዳፉን ሲያወርድ የጎረቤት ክፍሉ የሒሳብ አስተማሪ ግድግዳውን ይደበድብብኝ ነበር። ደብድቦ ደብድቦ ሲታክተው ተወው።

ከሁሉ የምወደው ቃል «ሪስፖንሲቢሊቲ» ነበር። ኃላፊነት ማለት ነው። በየዓመቱ መጀመሪያ ሳምንት ሰሌዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር እጽፈውና እንደ ሰዓት እፈታታዋለሁ። ሥሩ መልስ ነው፤ ከሥሩ ቀጥሎ የተለጠፈው «የሚችል» ይላል፤ መጨረሻ ላይ ያለችው ጭራ የእኛዋ «ነት» ናት። ሲገጣጠም መልስ መስጠት መቻል ማለት ነው እላቸዋለሁ። ከዚያ ወደ ምቱ እንገባለን፤ ሪ፣ ስፖን፣ ሲ፣ ቢ፣ ሊ፣ ቲ። ስድስት ናቸው። መዳፍ የሚያርፈው አራተኛው ላይ፣ «ቢ» ላይ ነው። ሦስት አንጓ፣ አንድ መዳፍ፣ ሁለት አንጓ። ሁለተኛው ላይ መዳፉን ያወረደ ተማሪ ዕረፍት ሰዓቱን ከእኔ ጋር ያሳልፋታል።

ይህን ሁሉ የማወራው ትምህርት ናፍቆኝ አይደለም። ባለቤቴን ያጣኋት እዚህ ቃል ላይ ነው። አልሞተችም፤ ሞት አይንካት። ሁለት ፌርማታ አልፎ ልጃችን ቤት ናት፤ ደህና ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ታወራለች። ከእኔ ጋር ብቻ አታወራም።

ስምንት ወር ሆነው። ሰኞ ጠዋት የሸሚዜን ኮሌታ እየተኮሰች ነበር። ካውያው ሲወድቅ ሰማሁና «ምን ሰበርሽ?» ብዬ ከመኝታ ቤት ጮህኩ። መልስ የለም። ስወጣ ወለሉ ላይ ናት፤ የፊቷ አንድ ወገን ወርዷል፤ ሸሚዜ ይጨሳል። ስትሮክ ነው አሉን። ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ተኛች። እግሯ ቶሎ ተመለሰላት፣ ቀኝ እጇ ዘገየ፣ አንደበቷ ግን እንደተያዘ ቀረ። ሐኪሙ ልጄንና እኔን አስቀምጦ፣ «የምትሉትን ሁሉ ትሰማለች፤ የምታስቡትን ሁሉ ታስባለች። ቃሉ ውስጧ አለ፤ መውጫው ነው የጠፋባት» አለን። ያን ቀን የሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከዚያ ወደ አንዲት የንግግር ሐኪም ተላክን። ወጣት ሴት ናት። ገና ስታየኝ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ቲቸር! አላስታወሱኝም አይደል? ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ጥግ።»

«እንዴት አላስታውስሽም!» አልኩ። አላስታወስኳትም። እሷም ገብቷታል፤ ግን አሳለፈችልኝ። ባለቤቴን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ እጇን ጠረጴዛው ላይ አወጣች። «ው… ሃ» አለች፤ አንድ አንጓ፣ አንድ መዳፍ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። «ከእርስዎ ነው የሰረቅኩት» አለችኝ እየሳቀች። «አፍ እምቢ ያለውን ቃል አንዳንዴ እጅ ጎትቶ ያወጣዋል።» ደረቴ አብጦ በሩ ሊጠበኝ ምንም አልቀረው።

በሁለተኛው ወር ባለቤቴ «ውሃ» አለች። «በር» አለች። «ነገ» አለች። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከኮሪደሩ ሆኜ ነው። በደስታ ዘልዬ ስገባ አፏ ተዘጋ። ደክሟት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። በማግሥቱም ደከማት። በሳምንቱም ደከማት። ከልጃችን ጋር ቃል በቃል እየቀጠለች ታወራለች፤ ከልጅ ልጃችን ጋር ታወራለች፤ ምድር ቤት ካለችው ልብስ ሰፊ ጋር ስለ ዚፕ ስትከራከር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ ስመጣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ በጣቷ ታሳያለች፣ ሲብስባት ታቃስታለች። ሻይ ስትፈልግ ብርጭቆውን ታንኳኳለች። አንድ ቀን ደሜ ፈልቶ፣ «ለልብስ ሰፊዋ ያለሽን አፍ ለኔ ነፈግሽኝ?» ብዬ ጮህኩባት። ብርጭቆውን አንሥታ ወደ ማጠቢያው ወሰደችው።

ለልጄ ከሰስኳት። ልጄ እናቷን መስላለች፤ መራራውን ነገር በለስላሳ ድምፅ ትናገረዋለች።

«አባዬ፣ እማዬ ካንተ ጋር ማውራት ያቆመችው በስትሮኩ አይደለም እኮ።»

«ምን ማለትሽ ነው? ሠላሳ ስምንት ዓመት በአንድ ጠረጴዛ በልተናል!»

«በልታችኋል። አንተ ታወራለህ፣ እሷ ታዳምጣለች። እኔ እዛው ጠረጴዛ ላይ ነው ያደግኩት።»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። መልስ አጥቼ አይደለም፤ መልስስ ሞልቶኝ ነበር።

መነሻውን አውቀዋለሁ። ለማስታወስ እንኳን አልተቸገርኩም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ እንደ ቀልድ ሳወራው የኖርኩት ነገር ነው። ባለቤቴ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ ጸሐፊ ነበረች። ቢሮዋ ውስጥ ተጫዋች ናት ይሏታል፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ሲያንቀላፋ ወረቀት ጥላ የምትቀሰቅሰው እሷ ናት። አንድ ጊዜ ከውጭ እንግዶች መጡና የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር እንድታደርግ ተመረጠች፤ በእንግሊዝኛ፣ አንድ ገጽ። ደስ ብሏት ወረቀቱን ይዛ ገባች። ራት ቀረበ፤ እኔ ግን «እስቲ አንብቢው» አልኩ። አነበበችው። መሃሉ ላይ «ሪስፖንሲቢሊቲ» አለ። ሁለተኛው ላይ ጫነችው።

እጄ ተነሣ። በአንጓ መታሁላት። ደግማ ተሳሳተች። አሁንም መታሁላት። ራቱ በረደ፤ ልጃችን ተኛች፤ እኔ እመታለሁ፣ እሷ ትደግማለች። አርባ ጊዜ ያህል ብለነዋል ብል አላጋነንኩም። በመጨረሻ አገኘችው፤ መዳፏ አራተኛው ላይ ጧ አለ። ቀና ብላ አየችኝ። እኔ «ቀጥይ» አልኳት። ሌላ ምን ልበል? ትክክል የሆነ ነገር ማለፍ ነው እንጂ ምን ይባላል? እንደዚያ ነበር የማስበው። ለተማሪም ለሚስትም «ትክክል» የሚለውን ቃል ከአፌ አውጥቼ አላውቅም፤ ቀይ እስክሪብቶ ለስሕተት ነው የተሠራው።

በንግግሩ ቀን እኔም ተጋብዤ አምስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች፣ ሳቅ ብላ ጀመረች፣ ሰዉ ወደዳት። ያ ቃል ጋ ስትደርስ ቀና ብላ ሰዉን አየች። ቆመች። ከዚያ ቃሉን ዘልላ ወደሚቀጥለው መስመር ሄደች። ማንም አላወቀባትም፤ ከእኔ በስተቀር። የሰው ብዛት አስደንግጧት ነው አልኩ። በሳምንቱ ቤታችን እንግዶች ሲመጡ አወራሁት። ሁለተኛው ላይ እንዴት እንደምትጭነው በእጄ እየመታሁ አሳየሁ፤ አዳራሹ ውስጥ እንዴት እንደዘለለችውም ጨመርኩበት። እንግዶቹ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እሷም ሳቀች። ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ሰው በመጣ ቁጥር ያቺን ወሬ አወጣት ነበር፤ ወሬዋ በመጣች ቁጥር ባለቤቴ ብርጭቆ ልትሰበስብ ትነሣለች። ከዚያ ወዲህ እንግሊዝኛ ስትናገር አልሰማኋትም። አማርኛዋም ቀስ በቀስ «እሺ» እና «ቀርቧል» ሆኖ መቅረቱን ያየሁት ግን አሁን፣ ስትታመም ነው።

ንግግር ሐኪሟና ልጄ ጠርተው አነጋገሩኝ። «የምትናገርበት ቦታ መኖር አለባት» አለች ሐኪሟ። «እዚህ እድሜ ላይ በየቀኑ ያልተነገረ ቃል ተመልሶ ይሄዳል። ልጇ ቤት ትናገራለች፤ እርስዎ ጋ አትናገርም።» ልጄ ክፍል አዘጋጅታ ጨርሳ ነበር። እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ስጡኝ ብዬ ለመንኩ። ለምኜ አላውቅም። አሥራ አንድ ቀን ሰጡኝ። በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ አንድ ቃል ብትናገረኝ ቤቷ ትቆያለች፤ ካልሆነ ትሄዳለች።

«አንድ ነገር ብቻ» አለችኝ ሐኪሟ ስወጣ። «ቃሉ ቢጣመምም፣ ቢሰበርም፣ ዝም ብለው ይቀበሏት። አያርሟት። እጅዎንም ከጠረጴዛው ላይ ያውርዱት፣ ቲቸር።»

«ይሄ ምኑ ይከብዳል?» አልኩ።

ሻይ ማፍላት ተማርኩ። የመጀመሪያውን አቃጠልኩት፤ ሻይ ይቃጠላል ወይ አትበሉኝ፤ ማሰሮው ይመስክር። ፊት ለፊቷ ስቀመጥ ሁለት እጆቼን ጭኖቼ ሥር እከታለሁ። ዝም ማለት ሞከርኩ፤ ዝም ማለት እንዲህ ሥራ እንደሆነ ማን ነገረኝ? አንደኛው ቀን አለፈ፣ አምስተኛው አለፈ። በስምንተኛው ቀን ስለ ተቃጠለው ማሰሮ ፈገግ አለች፤ በግማሽ አፏ፣ ደህና በሆነው በኩል። አንጀቴን በላችው። በአሥረኛው ቀን ሻይዋን ስቀዳላት እጄን ነካ አድርጋ ለቀቀችኝ። ያን ሌሊት ተስፋ ይዞኝ ተኛሁ።

አሥራ አንደኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከመኝታ ቤት ወጣች። ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳለች፤ ያን የድሮውን። በአንድ እጇ እንዴት እንደቆለፈችው እግዚአብሔር ይወቅ፤ አንዱ ቁልፍ ያለ ቤቱ ገብቷል። ጠረጴዛው ጋ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ግራ እጇን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አደረገችው። ሊመጣ ነው አልኩ።

«ሪ» አለች፤ በአንጓዋ ነካ አድርጋ።

ወራት ሙሉ የለመንኩት ድምፅ ነው። ትንሽ ሻክሯል፤ የእሷ ነው። ከዚያ መዳፏ ተነሣ።

«ስፖን» አለች። መዳፏ ጠረጴዛው ላይ ሙሉ ለሙሉ አረፈ። ሁለተኛው ላይ። ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነበር፤ ግማሽ አፏ ፈገግ ብሏል። «ሲ» አለች።

እጄ ከጭኔ ሥር መቼ እንደወጣ አላውቅም። ይህን የምለው ለማምለጥ አይደለም። ሠላሳ አራት ዓመት የሠራ እጅ ነው፤ እኔን አላስፈቀደኝም። እሷ «ቢ» ከማለቷ በፊት የእኔ መዳፍ አራተኛው ላይ ወረደ። ጧ! የሻይ ብርጭቆዋ ተገልብጦ ሻዩ ጨርቁ ላይ ፈሰሰ።

ፊቴን አላየችም። እጄን ነው ያየችው። አልተቆጣችም፣ አላዘነችም፤ የምታውቀውን ዕቃ ያየች ነበር የምትመስለው። ከዚያ ግራ እጇን ቀስ ብላ ሰበሰበችና ጉያዋ ውስጥ አደረገችው።

«ቀጥይ» አልኩ። ምላሴን በቆረጠው! ከቃል ሁሉ ያንኑ ቃል። «እባክሽ፣ እንደፈለግሽ በይው፣ እንደፈለግሽ ምቺው፣ ሁለተኛውም ላይ ይሁን፣ እኔ ምናገባኝ…» ተንበርክኬ ነበር፤ ጉልበቴ ሲንቋቋ ተሰማኝ። እሷ ግን ተነሣች። ጨርቅ አምጥታ የፈሰሰውን ሻይ በግራ እጇ ጠረገች፣ ብርጭቆውን አነሣች፣ ወደ ወጥ ቤት ገባች። በአሥራ አንድ ሰዓት ልጄ ስትመጣ የእናቷ ሻንጣ በሩ ሥር ነበር።

ሰኞ ንግግር ሐኪሟ ጋ ብቻዬን ሄድኩ። የሆነውን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«ቃሉን የመረጠችው ራሷ ናት» አለችኝ። «አጭር ይሁን ብዬ ለምኛት ነበር። ‹ናፈቅከኝ› እንበለው፣ ስሙን እንበለው አልኳት። ‹የሱን ቃል› አለችኝ። ሦስት ሳምንት ለፋችበት፤ ላብ እስኪያጠምቃት። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ስንት ጊዜ አስተካክላ ብላዋለች መሰለዎት።»

 እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ከሰው አፍ ይወጣል፣ ጠየቅኳት። «ታዲያ ሁለተኛው ላይ የመታችው አውቃ ነው ወይስ ተምታቶባት?»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ቲቸር» አለች፤ «አሁንም እሱን ነው የሚጠይቁኝ?»

ኮፍያዬን ወንበሩ ላይ ረስቼ ወጣሁ።

ልጄ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። መጀመሪያ ሰሞን ስሄድ እገባ ነበር፤ ስገባ ወሬው ይቆማል፤ ባለቤቴ ራሷን በአክብሮት ትነቀንቅልኛለች፤ ሻይ ይመጣል፤ ልጄ ስለ አየሩ ታወራለች። ስወጣ፣ ደረጃውን ሳልጨርስ የባለቤቴን ድምፅ እሰማለሁ። ስለዚህ መግባት ተውኩ። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት እሄድና በራቸው አጠገብ፣ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ። ልጄ አንድ ቀን ቆሻሻ ልትጥል ወጥታ አገኘችኝ። ምንም አላለችም። በሳምንቱ ስመጣ በሩ ጎን የእንጨት ወንበር ተቀምጦ ቆየኝ።

በሩ ስስ ነው። ሁሉም ይሰማል። የልጅ ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አፏ ስለማያርፍ «ጥያቄ» እያልን እንጠራታለን። እሷ ትጠይቃለች፣ ባለቤቴ ትመልሳለች፤ ቃሏ እየተቆራረጠ፣ እየጠፋባት፣ ሲጠፋባት በራሷ እየሳቀች። የማላውቃትን ሴት ተዋወቅኩ። ግራጫ መጋረጃችንን ዕድሜዋን ሙሉ ጠልታዋለች። ልጅ ሳለች ፓይለት መሆን አምሯት ነበር። ጠዋት ጠዋት የቢሮዋን መስኮት ስትከፍት ታዛው ላይ የምታርፍ አንዲት ቁራ ነበረች፣ ስም አውጥታላታለች። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬያት ኖሬ ይህን የሰማሁት ከበር ውጭ ሆኜ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ዓርብ ጥያቄ ከትምህርት ቤት ረጅም ቃል ይዛ መጣች። «አያቴ መዶሻው እንዴት ነበር የሚያስተምረው?» ስትል ሰማሁ። ባለቤቴ ሳቀች፤ ከዚያ ጠረጴዛው ተንኳኳ። «ሪ» አለች። «ስፖን» አለችና መዳፏ ወረደ፤ ሁለተኛው ላይ። «ሲ፣ ቢ፣ ሊ፣ ቲ።» ልጅቷ ተከትላ መታች፤ እሷም ሁለተኛው ላይ። ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ። ደስ የሚል ድምፅ ነበር፤ ስሕተቱ ሁሉ ደስ ይላል። ውስጤ ሞላና ገነፈለ።

«ትክክል!» አልኩ። በሠላሳ ስምንት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። ደረጃው አስተጋባው።

ውስጥ ጸጥ አለ።

«አያቴ ነው?» አለች ጥያቄ። ማንም አልመለሰላትም። ስድስት ምት ቆጠርኩ፤ ደግሜ ስድስት ቆጠርኩ። ያኔ ገባኝ። ትክክል ማለትም ያው ማረም ነው፤ ማን ጠየቀኝ? እኔ ለእርማት ካልሆነ ለምን እንደሚደመጥ አላውቅበትም። ጫማዬን አውልቄ፣ እንዳይሰማብኝ፣ በካልሲ ወረድኩ።

ሁለት ዓርብ ቀረሁ። ትናንት ግን እግሬ ወሰደኝ። ወንበሩ ተነሥቷል ብዬ ነበር፤ አልተነሣም። ቀስ ብዬ ስቀመጥ አሮጌ ነውና ሲጥ አለ። የባለቤቴ ድምፅ ቆመ። መዳፌን አፌ ላይ ጭኜ ትንፋሼን ያዝኩ። ትንሽ ቆየች። ከዚያ ቀጠለች፤ መቀመጤን እያወቀች ቀጠለች።

«ሰማያዊ ቀሚስ… ለበስኩ» አለች። «አዳራሹ… ሰው… ሙሉ።»

«ፈራሽ?» አለች ጥያቄ።

«አልፈራሁም። ቃሉን… አውቄዋለሁ። የአያትሽን… ፊት… ፈለግኩ። ደስ… እንዲለው።»

«አገኘሽው?»

«እጁን… አየሁ። ወንበር ላይ… እየመታ… ይጠብቀኛል።»

እጄ ያን ቀን ምን ያደርግ እንደነበር ሃያ ዓመት ሙሉ አላውቅም ነበር። አዳራሹ ውስጥ የመታሁት የፊት ለፊቴ ወንበር ጀርባ አሁን መዳፌ ላይ ተሰማኝ።

«ከዛስ?» አለች ልጅቷ።

«ከዛ ዝም አልኩ» አለች ባለቤቴ። አልተንተባተበችም፣ አንዱም ፊደል አልጠፋባትም።

እኔም መዳፌን ከአፌ ላይ ሳላነሣ፣ እስኪመሽ እዚያው ተቀመጥኩ።